በብርድ አገር የቤት እቶን

በሰሜን አሜሪካ እምብርት፣ ከካናዳ ወሰን አጠገብ በሚገኘው በሚኒሶታ ግዛት፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ እስከ መጋቢት ፍጻሜ ድረስ የሰውን ውሎና አዳር የሚገዛው ብርድ ነው። በ1996 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ ታወር በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። በ2019 ዓ.ም. ጃንዋሪ 30 ቀን ደግሞ በሚኒያፖሊስ ብርዱ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ በወረደ ጊዜ፣ በግዛቱ ጋዝ ከሚያከፋፍሉት ድርጅቶች አንዱ የቧንቧው ግፊት እንዳይደክም ሠግቶ ደንበኞቹ የቤታቸውን ሙቀት ወደ 17 ዲግሪ ዝቅ እንዲያደርጉ በአደባባይ ለመነ፤ ከከተማው በስተ ሰሜን ያሉ ጥቂት ቤቶችም ጋዙ ጨርሶ ተቋርጦባቸው የሰነበቱት በዚያው ሰሞን ነው። እንዲህ ባለ አገር ቤትን ቤት የሚያሰኘው በምድር ቤቱ ጥግ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድና ሲጠፋ የሚያድረው እቶን፣ ነዋሪዎቹ ፈርነስ የሚሉት መሣሪያ ነው።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በዙሪያቸውም ባሉ መንደሮች፣ ቍጥሩ ቀላል ያልሆነ ወገናችን ሰፍሮ ይኖራል። በተከራይነቱ ዘመን ቤቱ ሲቀዘቅዝበት አከራዩን መጥራት ይበቃው ነበር፤ የራሱን ቤት በገዛ ማግሥት ግን፣ ውሉን ፈርሞ ቍልፉን ሲረከብ ማንም ያልነገረው ኀላፊነት ከምድር ቤቱ ይጠብቀዋል። ስለ ባንኩ ዕዳ፣ ስለ ግብሩና ስለ መድኑ ሲመክሩት የቈዩ ወዳጆቹ ስለ እቶኑ አላነሡለትም፤ እቶኑም እስኪታመም ድረስ ራሱን አያስታውስም። ስለዚህም አብዛኛው ሰው ከዚህ መሣሪያ ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው በጥር ሌሊት፣ ልጆቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው በተኰራመቱበት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የተጠየቀውን ዋጋ ሁሉ ለመክፈልና የተነገረውን ሁሉ ለማመን የተዘጋጀ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ከአንድ እቶን ጋር ዐሥርና ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ ዓመት የኖሩ ባለቤቶች ሲጨዋወቱ የሰማ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። አንዱ ባለቤት የሚያመሰግነውን የሠሪ ስም ሌላው ይረግመዋል፤ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ሁለት እቶኖች አንዱ ሩብ ምእት ዓመት ያለ ሕመም ሲያገለግል ሁለተኛው በስምንተኛው ዓመት ይወድቃል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በእቶኑ በር ላይ ከተለጠፈው ስም የሚገኝ አይደለም፤ መሣሪያውን በተከለው ሰው እጅ፣ በባለቤቱም ጥንቃቄና ዕውቀት ይገኛል እንጂ። ደግሞም ብዙዎቹ ስሞች የጥቂት ድርጅቶች ልጆች ናቸው፤ ማቀጣጠያውና የጋዝ መክፈቻውም ቢሆን ከጥቂት ሠሪዎች ተገዝቶ በሁሉም ውስጥ የሚገባ ነው።

አስቀድሞ ግን እቶኑ እንዴት እንደሚነድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ያላወቀ ባለቤት የሚነገረውን መመዘኛ የለውምና። እቶኑ የሚነደው በሥርዓት ነው፤ አንዱ ምዕራፍ ሳይፈጸም ሁለተኛው አይጀመርም። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው ቴርሞስታት የክፍሉ ሙቀት ከተወሰነለት ልክ መውረዱን ሲያውቅ በቀጭን ሽቦ ወደ ምድር ቤቱ ትእዛዝ ይልካል፤ ትእዛዙን የሚቀበለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳም ወዲያው እሳት አያነድም፤ የጢስ መውጫውን ማራገቢያ አስነሥቶ በእቶኑ ሆድ የቀረውን ጢስና ያልነደደ ጋዝ ጠራርጎ እስኪያወጣ ይጠብቃል። ማራገቢያው በእውነት አየር እየሳበ ለመሆኑ በትንሽ የጎማ ቱቦ የተያያዘ የግፊት ማብሪያ ይመሰክራል፤ እርሱ ካልመሰከረ ነገሩ ከዚያ አያልፍም። ምስክሩ ከተገኘ በኋላ ማቀጣጠያው፣ ከሲሊኮን ካርባይድ ወይም ከሲሊኮን ናይትራይድ የተሠራው፣ ጣት የምታክለው ዕቃ፣ በኤሌክትሪክ ኀይል ቀልቶ እስኪግል ይቈያል፤ ያን ጊዜ የጋዙ መክፈቻ ይከፈትና ነበልባሉ ከአንዱ ማንደጃ ወደ ቀጣዩ ይዛመታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በነበልባሉ ውስጥ አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ ቆማለች፤ ነበልባል ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ የማሳለፍ ጠባይ ስላለው በዘንጓ በኩል እጅግ ረቂቅ ኀይል፣ የአንድ አምፔር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጅ ብቻ የሆነ፣ ያልፋል፤ ሰሌዳውም ይህን ረቂቅ ኀይል መዝኖ እሳቱ በእርግጥ መኖሩን ያውቃል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካላገኘው ጋዙን ይዘጋል፤ ይህም ያልነደደ ጋዝ በቤቱ ውስጥ እንዳይከማች የተደረገ ጥበቃ ነው። እሳቱ ከጸና በኋላ እሳቱ የሚነድበት የብረት ሆድ ይግላል፤ ትልቁ ማራገቢያ ተነሥቶ የቤቱን አየር በጋለው ብረት ዙሪያ እያሳለፈ ወደየክፍሉ ይልካል፤ የቀዘቀዘውም አየር በማጣሪያው አልፎ ይመለሳል። የእሳቱ ጢስና የቤቱ አየር በአንድ ብረት ግድግዳ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ግድግዳው ደኅና እስከ ሆነ ድረስም አይገናኙም።

ይህን ሥርዓት ያወቀ ሰው እቶኑ የት ላይ እንደ ቆመ በጆሮው ይለየዋል። የጢሱ ማራገቢያ እየዞረ ምንም እሳት ካልተከተለ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከግፊቱ ማብሪያ ወይም ከማቀጣጠያው ነው፤ እሳቱ በርቶ በጥቂት ሰከንድ ከጠፋ፣ ደግሞ ሞክሮ ደግሞ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ያች ዘንግ ናት፤ እሳቱ እየነደደ አየሩ ካልመጣ የትልቁ ማራገቢያ ሞተር ወይም እርሱን የሚያግዘው ካፓሲተር ታሟል። በዛሬዎቹ እቶኖች ሰሌዳ ላይ ያለች ትንሽ መብራትም በብልጭታዋ ቍጥር የሕመሙን ዓይነት ትናገራለች፤ የቍጥሩም ፍቺ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

የእቶን ታሪክ ከዚሁ ከብርዱ አገር ጋር የተያያዘ ነው። አልበርት ቡትዝ የተባለ ትውልዱ ከስዊስ የሆነ ሰው በ1885 ዓ.ም. በሚኒሶታ ሳለ፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የድንጋይ ከሰሉን ምድጃ የአየር በር በራሱ የሚከፍት መሣሪያ ፈለሰፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሚኒያፖሊስ የመሠረተው ድርጅትም ከብዙ መለዋወጥ በኋላ ሃኒዌል የተባለው ሆነ። በ1919 ዓ.ም. ደግሞ አሊስ ፓርከር የተባለች ከኒው ጀርሲ የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት፣ አንድ እቶን በጋዝ እየነደደ ሙቀትን በየቧንቧው ወደ ተለያዩ ክፍሎች የሚያከፋፍልበትን ንድፍ በስሟ አስመዘገበች። ከዚያም በፊትና በኋላ በየምድር ቤቱ የነበሩት ትልልቅ የብረት እቶኖች፣ ያለ ማራገቢያ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ ስላለው ብቻ የሚሠሩ ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መጀመሪያ በድንጋይ ከሰል፣ ኋላ በዘይት፣ በመጨረሻም በጋዝ እየነደዱ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ አገልግለዋል። የሚበላሽ ነገር አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን ከሚነደው ሙቀት አንድ ሦስተኛው፣ አልፎም ከዚያ የሚበልጠው፣ በጢስ መውጫው ወደ ሰማይ ይሄድ ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ሌኖክስ የተባለው ድርጅት ከጋዙ ሙቀት 90 በመቶውን አልፎ የሚያስቀር እቶን ለገበያ አቀረበ፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ከ78 በመቶ በታች የሆነውን አዲስ እቶን ከለከለ። ከፍተኛ ቍጠባ ያላቸው እቶኖች ምስጢራቸው ጢሱን እጅግ ማቀዝቀዛቸው ነው፤ በጢሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃነት ሲመለስ ይዞት የነበረውን ሙቀት ለቤቱ ይሰጣል። ይህ ውሃ ግን ኮምጣጣ ነው፤ ብረትን ይበላል፤ ስለዚህ ሁለተኛ የማይዝግ ብረት ሆድ፣ የፕላስቲክ ጢስ ቧንቧ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና ማፍሰሻ ያሻዋል። የዱሮውን እቶን ለለወጡ ባለቤቶች ያስቈጫቸው ይህ ነው፤ አባታቸው አርባ ዓመት ሳይነካው የኖረውን መሣሪያ በቈጣቢው ተክተው፣ የጋዙ ሒሳብ በእርግጥ ቀንሶላቸው፣ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ አንድ ነገር ሲታመም ያያሉ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ረጅሙን የሚኒሶታ ብርድ ላሰበ ሰው የጋዙ ቍጠባ የጥገናውን ወጪ ይሸፍነዋል፤ ይሁን እንጂ ሻጩ ስለ ቍጠባው ሲያወራ ስለ ጥገናውም አብሮ ሊናገር ይገባው ነበር።

አንድ ቀን በሴንት ፖል በአንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት ሳለሁ የሆነውን ልናገር። እቶናቸው እየበራ እየጠፋ አስቸግሯቸው፣ ቀድሞ የመጣው ባለሙያ እጁን ሳያስገባ «ይህ አርጅቷል፣ ሁሉም መለወጥ አለበት» ብሎ ብዙ ሺሕ ዶላር የተጻፈበት ወረቀት ትቶላቸው ሄዶ ነበር። ዘመድ ያገናኛቸው ሁለተኛው ባለሙያ አማርኛ የሚናገር ወጣት ነበር፤ የእቶኑን በር አንሥቶ በእጅ ባትሪው እያበራ በሰሌዳው ላይ ያለችውን የመብራቷን ብልጭታ ቈጠረ፤ ኀይሉን አጠፋ፤ አንድ ብሎን ፈትቶ ያችን ዘንግ አወጣና ብርሃን ላይ አሳያቸው። ጫፏ ላይ ነጣ ያለ አመድ መሰል ልባጭ ነበረባት። በደቃቅ የብረት ሱፍ በቀስታ አሸት አሸት አድርጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ መለሳት። እሳቱ በራ፤ ጸና፤ አየሩም መጣ።

«ልጄ፣ ሕመሙ ይኸው ብቻ ነበር?» አሉት።

«አዎን እማማ፣ ይኸው ነው። ለከርሞ ብርዱ ሳይገባ ይጥሩኝና እንደገና እጠርግልዎታለሁ።»

ከዚያም ከኪሱ ብዕር አውጥቶ በእቶኑ ጎን ላይ ቀኑንና የሠራውን ጻፈ። ከላዩ በሌላ እጅ የተጻፉ መስመሮች ነበሩ፤ ከእርሳቸው በፊት የነበረው ባለቤት ማቀጣጠያው የተለወጠበትን፣ የጢሱ ማራገቢያ የታደሰበትን ዓመት አስመዝግቦ ኖሯል። የመሣሪያው የሕይወት ታሪክ በቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ሳለ የመጀመሪያው ባለሙያ አላነበበውም።

በዕድሜው ቅደም ተከተል ስንመለከተው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት የሚታየው ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ የተካዩ ጥፋት ነው፤ የውሃው ማፍሰሻ በቂ ዝቅዝቅታ አላገኘም፣ የጢሱ ቧንቧ ረዝሟል፣ የጋዙ ግፊት አልተለካም። ከዚያ በኋላ ማቀጣጠያው ይመጣል፤ በየቀኑ ብዙ ጊዜ የሚግልና የሚቀዘቅዝ ዕቃ ነውና በጥቂት ዓመታት መሰንጠቁ ከጠባዩ ነው፤ ከሲሊኮን ካርባይድ የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት በተለይ ተሰባሪ ስለሆነ ባለሙያው በባዶ ጣቱ እንኳ አይነካውም። ዐሥር ዓመት ሲያልፍ ሞተሮቹና ሰሌዳው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ ብዙው ባለቤት የሚፈራው የብረቱ ሆድ መሰንጠቅ ይነሣል።

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ነገሩ የሕይወት ነገር ነውና። በብረቱ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ከወጣ ጢሱ ከቤቱ አየር ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ በጢሱም ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖር ይችላል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። በአገራችን በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ወሬ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ የገደላቸው ይኸው ነው። የሚኒሶታ ሕግ በእያንዳንዱ መኖሪያ ቤት፣ ከየመኝታ ክፍሉ 3 ሜትር ያህል በማይርቅ ስፍራ፣ የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ማኖርን ግዴታ አድርጓል፤ ሕግ ባይኖርም ግዴታ ነው። መሣሪያው ሲጮህ ባትሪውን አውጥቶ መተኛት አይገባም፤ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ ወጥቶ ከውጭ ሆኖ ወደ 911 መደወል ነው።

የሠሪ ጥፋትም አለ። ከ1983 እስከ 1994 ዓ.ም. በአንድ ድርጅት ተሠርተው በካሊፎርኒያ በየጣራው ሥር በጎናቸው የተጋደሙ እቶኖች፣ የአየር ብክለትን ለመቀነስ ከማንደጃዎቹ በላይ በተገጠሙላቸው የብረት ዘንጎች ምክንያት ማንደጃቸውና ሆዳቸው እየተሰነጠቀ እሳት ስላስነሡ፣ በ2000 ዓ.ም. የአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ስንጥቅ የሚባለው ነገር ተረት አይደለም። ነገር ግን ይህ እውነተኛ ፍርሃት ሐሰተኛ ገበያ እንደ ሆነም ብዙ ባለቤቶች ያውቃሉ፤ በርካሽ ዋጋ ልመርምር ብሎ ገብቶ፣ «ሆዱ ተሰንጥቋል፣ ዛሬ ካልለወጥህ ልጆችህ ይሞታሉ» ብሎ የሚያስፈርም አለ። እንግዲህ ማድረግ የሚገባው ስንጥቁን በካሜራ ማስቀረጽ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ልክ በመሣሪያ ማስለካት፣ ከዚያም በሽያጩ ጥቅም የሌለውን ሁለተኛ ባለሙያ መጥራት ነው። እውነተኛ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይቈጣም። ምርመራው እስኪፈጸም ግን እቶኑን አጥፍቶ በሌላ መንገድ መሞቅ እንጂ አደጋውን ንቆ ማንደድ አይገባም።

ሆዱን ያለ ጊዜው የሚያሰነጥቀው ምን እንደ ሆነ መረዳት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያድናል። ሙቀቱን የሚወስድ በቂ አየር ያላገኘ ብረት ከመጠን በላይ ይግላል፤ ሲግል የሙቀቱን ወሰን የሚጠብቅ ማብሪያ እሳቱን ያጠፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በዚህ መግልና መቀዝቀዝ ብዛት ብረቱ ይደክማል። አየሩን የሚከለክለው አብዛኛውን ጊዜ በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ ነው፤ ቀጭኑ ማጣሪያ በብርድ ወራት በየወሩ መታየት፣ ቢዘገይ በሦስት ወር መለወጥ ይኖርበታል። እጅግ ደቃቅ አቧራ እንዲይዝ ተብሎ በውድ የሚሸጠው ሸማው ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያም ቧንቧዎቹ ጠባብ በሆኑበት ቤት ይኸንኑ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ጋዝ ለመቈጠብ ብለው የማይተኙባቸውን ክፍሎች የአየር በር ሁሉ የሚዘጉ ሰዎችም ሳያውቁ እቶኑን ያንቁታል።

ሁለተኛው ምክንያት ትልቅነት ነው። ተካዮች ለራሳቸው ጸጥታ ሲሉ ቤቱ ከሚሻው የሚበልጥ እቶን መትከል ይወዳሉ፤ ባለቤቱም ትልቅ ሲሆን የሚሻለው ይመስለዋል። ከልኩ ያለፈ እቶን ግን ቤቱን በጥቂት ደቂቃ አሙቆ ይጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ ይነሣል፤ ማቀጣጠያውም፣ ሞተሩም፣ ብረቱም በዚህ መነሣትና መውደቅ ያረጃሉ፤ ክፍሎቹም እኩል አይሞቁም። ልኩ የሚገኘው የግድግዳውን፣ የመስኮቱን፣ የጣራውን የሙቀት መከላከያ ቈጥሮ በሚሠራ ስሌት ነው፤ ባለሙያዎቹ ማንዋል ጄ ይሉታል። አዲስ እቶን የሚገዛ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ ይህን ስሌት ይጠይቅ፤ የአሮጌውን መጠን አንብቦ ያንኑ የሚጽፍለትን ተካይ አይመን።

ስለ ዋስትናው ጥቂት ይበቃል። ለዕቃዎቹ ዐሥር ዓመት የሚባለው ዋስትና ባለቤቱ ከተከላው በኋላ በተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ በ60 ወይም በ90 ቀን ውስጥ፣ ስሙን ካላስመዘገበ ወደ አምስት ዓመት የሚወርድ ነው፤ የሠራተኛውም እጅ ዋጋ በአብዛኛው በውስጡ የለም። ይህን በሦስተኛው ዓመት የሚሰማ ሰው እጅግ ያዝናል።

እቶኑ በሌሊት ቢቆም ባለሙያ ከመጥራት በፊት ባለቤቱ በራሱ ሊያየው የሚችለው አለ፤ የቴርሞስታቱ ባትሪ አልቆ እንደ ሆነ፣ በእቶኑ አጠገብ ያለውን፣ የአምፖል ማብሪያ የሚመስለውን ቍልፍ አንድ ልጅ አጥፍቶት እንደ ሆነ፣ የእቶኑ በር በሚገባ ገጥሞ እንደ ሆነ፣ ማጣሪያው ተደፍኖ እንደ ሆነ፤ ከቈጣቢው እቶን ወደ ቤቱ ውጭ የሚወጡትንም ሁለት ነጫጭ ቧንቧዎች በረዶ ደፍኗቸው ከሆነ መጥረግ ነው። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ባለሙያውን መጥራት፣ እስኪመጣም ድረስ የውሃ መስመሩ ቀዝቅዞ እንዳይፈነዳ ቧንቧውን ትንሽ ከፍቶ ማንጠብጠብ ይበጃል። የማብሰያ ምድጃውን ከፍቶ ቤት ማሞቅና ከሰል ወደ ውስጥ ማስገባት ግን በምንም ምክንያት አይደረግም።

ለመጠገኛም ለመለወጫም ገንዘብ የሌለው ባለቤት በሚኒሶታ ብቻውን አልተጣለም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦችን በማሞቂያ ወጪ የሚረዳው የመንግሥት መርሐ ግብር፣ በገዛ ቤቱ ለሚኖር ሰው የተበላሸውን እቶን እስከ ማስጠገንና እስከ መለወጥ ይደርሳል፤ ሕጉም በብርድ ወራት፣ ከድርጅቱ ጋር የአከፋፈል ስምምነት አድርጎ የሚጠብቀውን ደንበኛ ጋዝና መብራት መቍረጥን ይከለክላል። ብዙዎቹ አረጋውያን ወገኖቻችን ይህን አያውቁም፤ ያወቁትም እርዳታው ለጋዝ ሒሳብ ብቻ ይመስላቸዋል። ማመልከቻው የሚቀርበው በየወረዳው ላሉ አስፈጻሚ ድርጅቶች ነው፤ ያመለከተውም ሰው እቶኑ ቆሞ ቤቱ መቀዝቀዙን በመጀመሪያው ቃሉ ይናገር፤ ሙቀት የሌለው ቤት ጉዳይ በአስቸኳይ የሚታይ ነውና።